የአለቃ አንገት

ሰፈሩ ሁሉ «አለቃ» ነው የሚለው። የሶፋ መሥሪያው ባለቤት ታላቅ እህቱ ብትሆንም፣ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ሥራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። እህቱን «እትዬ፣ አንቺ ቁረጪ» ይላታል፤ ሰፊዋን «አንቺ ስፊ፤ እኔ እመታለሁ» ይላታል። መምታት ማለት ጨርቁን ወጥሮ ከእንጨቱ ጋር በምስማር ማያያዝ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ዳውን ሲንድረም አለበት። ሲቸኩል አፉ ይተሳሰርበታል፤ በሥራ ግን ማንም አይቀድመውም።

በኋላ መዶሻው ከእጁ ይወድቅ ጀመር። መጀመሪያ ሳቁበት። ሰፊዋ «አለቃ ፍቅር ይዞታል» አለች፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ አካሄዱ ተለወጠ። እግሩን እንደ እንጨት ገትሮ ይጎትታል፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ዞር ለማለት መላ አካላቱን ያዞራል። አንድ ቀን እህቱ እሱ የተቀመጠበትን ወንበር ረጥቦ አገኘችው።

«ውሃ ደፍቼ ነው» አለ ዓይኑን እያሸሸ።

ሱሪውን አየችና ወንበሩን ወለወለች። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም።

እናታቸው ሲሰሙ «ሰንፎ ነው» አሉ። «አንቺ ነሽ አሞላቅቀሽ ያበላሸሽው።»

እህትየው ግን መቀመጫ አጣች። ደንበኛ ስታነጋግር ጆሮዋ እሱ ጋ ነው፤ ጨርቅ ስትቆርጥ ዓይኗ እሱ ላይ ነው። በዚሁ ሰበብ አንድ ሙሉ የሶፋ ልብስ አበላሸች። በማግሥቱ ሰፈራቸው ወዳለው ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሙ ከወንበራቸው ሳይነሱ አዩት።

«እነዚህ ልጆች ቶሎ ነው የሚያረጁት» አሉ። «ቫይታሚን ልዘዝለት።»

«ዶክተር፣ ባለፈው ዓመት እኮ ወንበር ተሸክሞ ፎቅ ይወጣ ነበር።»

«እንግዲህ በሽታው ነው፤ ምን ይደረጋል።»

«እሱማ ሲወለድም ነበረበት። ይሄኛው ግን አዲስ ነው።»

ሐኪሙ ማዘዣውን ጽፈው ሰጧት። አለቃ ቫይታሚኑን በደስታ ዋጠ። እጁ ግን ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት ሄደ።

አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ሲል ድንገት ቀጥ አለ።

«እትዬ፣ አንገቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ዝቅ ስል ይነዝረኛል፤ እስከ እግሬ።»

ቁርሷን ሳትጨርስ መሥሪያውን ለሰፊዋ ትታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ወረፋው ረጅም ነበር። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ በሩን አጮልቃ ታያለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች።

«እትዬ፣ አረፍ በይ» አላት። «እኔ ነኝ የታመምኩት።»

የነርቭ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ወንበሯን ወደ አለቃ አስጠግታ የሚነዝረውን ቦታ እራሱን ጠየቀችው። እሱም በጣቱ ከማጅራቱ ጀምሮ እስከ ተረከዙ አሳያት። በትንሿ መዶሻዋ ጉልበቱን መታ ስታደርገው እግሩ ተስፈንጥሮ ጠረጴዛውን መታ። ሐኪሟ ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው አንገቱ ላይ ጠንካራ ድጋፍ አሰረችለትና ራጅ እንዲነሳ አዘዘች።

«ከራስ ቅሉ ሥር ያሉት ሁለት አጥንቶች በጅማት ነው የሚያያዙት» አለች ራጁን እያሳየች። «ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ጅማታቸው ላላ ይላል። የሱ አጥንት ከቦታው ተንሸራቶ ኅብለ ሰረሰሩን እየተጫነው ነው። እጁም፣ እግሩም፣ ሽንቱም ከዚህ የመጣ ነው። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። አልጋ እንደተለቀቀ እንደውላለን፤ እስከዚያ እንዳይወድቅ አደራ።»

አደራው ቤቱን ገለበጠው። እህትየው ምንጣፉን ጠቀለለች፣ ዱካዎቹን ሰበሰበች፣ መታጠቢያ ቤቱን ሙልጭ አድርጋ አደረቀች። ስልኩን ከእጇ አትለይም፤ ለሌላ ጉዳይ የሚደውል ሰው ሁሉ ጠላቷ ሆነ። አለቃ ድጋፉ አሞቀኝ ብሎ ሊፈታው ሲል ከጓዳ ሮጣ ትደርሳለች።

እናታቸው ደግሞ አሻፈረኝ አሉ። «አንገቱ ላይ ቢላ? እኔ በቁሜ አላየውም።»

አለቃ ሰማቸውና ወደ እህቱ ዞረ።

«አጥንቴን በምስማር ነው የሚመቱት?»

«በብሎን ነው የሚያስሩት።»

«ብሎን ይሻላል። ምስማር ይነቃነቃል።» ከዚያ እናቱን እያየ «እማ፣ አንገቱ የኔ ነው» አለ።

እናታቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም።

የቀዶ ጥገናው ዕለት እናትየው የልጃቸውን ጫማ ጭናቸው ላይ አድርገው ከአግዳሚው አልነቃነቅ አሉ። እህትየው ኮሪደሩን ስትመላለስበት ዋለች። የፅዳት ሠራተኛዋ «እህቴ፣ እርጥቡን እየረገጥሽብኝ ነው» ብትላት ይቅርታ ጠየቀችና መልሳ ረገጠችው። ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወጣች።

«አጥንቱ ተስተካክሏል። የጠፋው ሁሉ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

እውነቷን ነበር። ሽንቱን መቆጣጠር ቻለ፤ እግሩም እያደር ተፍታታ። ቀኝ እጁ ግን እንደ በፊቱ አልጠነከረም። ወደ ሥራ በተመለሰ ዕለት መዶሻውን አነሳ፣ ሁለት ጊዜ መታ፣ ሦስተኛው ጣቱ ላይ አረፈ። መዶሻውን ወርውሮ እንጨቶቹ መሃል ተቀምጦ አለቀሰ። ማንም አላባበለውም። ከሳምንት በኋላ ሰፊዋ በመዶሻና በምስማር ፋንታ ጨርቁን የሚመታውን ስቴፕለር በግራ እጁ መያዝ አስተማረችው። ቀርፋፋ ነው፤ ይነጫነጫል፤ ግን ይሠራል።

ለክትትል በሄዱበት ቀን ሐኪሟ «ከስድስት ወር በኋላ ኑ» አለቻቸው፤ እህትየውን ደግሞ «አንቺም እስቲ ተረጋጊ» አለቻት።

ሲመለሱ የአውቶቡሱ ሾፌር ድንገት ፍሬን ያዘ። እህትየው ሳታስበው ክንዷን ደረቱ ላይ ዘረጋች። እሱ ክንዷን በቀስታ አንስቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላትና፣ አንገቱ በብሎን ስለታሰረ ከወገቡ ዞሮ በመስኮት ወደ ውጭ ማየቱን ቀጠለ። እሷ እስኪወርዱ ድረስ የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨብጣ ይዛ ነበር።