የባሕር ዛፍ ፍሬም

ኦልሜዶ ቪላልባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቅዱሳን ፊት ሲቀርጽ ኖሮ ቀኝ እጁ ከዳው። መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልብስና እግር ቢሆን ግድ የለም፤ መሮው ቢስት በቀለም ይሸፈናል። ፊት ግን ይቅርታ አያውቅም። የሚኖርበት ሳን አንቶኒዮ ደግሞ ከአምስት ቤት አራቱ እንጨት ቀራጭ የሆነበት ከተማ ነው፤ የአንዱ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምሳ ሳይደርስ ሁሉም ይሰማል።

መላ ያመጣችው ልጁ ጀርመኒያ ናት። ኢባራ ሄዳ ኤሌክትሪክ ተምራለች። "አባዬ፣ ድሮ የቀረጽካቸውን ፊቶች ኮምፒውተሩ ይለካቸዋል፤ ከዚያ እኛው የምንሠራው መቅረጫ ማሽን ያንተን እጅ ይደግማል" አለችው። ሞተሩንም ሽቦውንም አንድ በአንድ ለቃቅማ አሟላች። ሰበካው ለሰሞነ ሕማማት የሐዘንተኛዋን እመቤታችንን ሐውልት ፊት አዝዟቸዋል። እሱ ከተሳካ ቤቱ ሥራውን ይቀጥላል። ካልተሳካ ጀርመኒያ ካያምቤ ሄዳ በአበባ እርሻ ጽጌረዳ ትቆርጣለች፤ እርሻው ስሟን መዝግቦ እየጠበቃት ነው።

የቀረው ሞተሩን የሚሸከመው የማሽኑ ፍሬም ነበር።

"አሉሚኒየም ከአቅማችን በላይ ነው" አለች ጀርመኒያ። "ኤምዲኤፍ ጣውላ ደግሞ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ወፍራም የብረት ቱቦላሬ ይሻለናል።"

ጎረቤታቸው በያጁ ክሌቨር በሩን ተደግፎ የበቆሎ ቆሎ ይቆረጥም ነበር። "እኔ እበይድልዎታለሁ፣ ጋሼ ኦልሜዶ። ዋጋም አልጠይቅዎትም። እርስዎ ቤት ብረት ሲገባ ማየቱ ይበቃኛል" አለ።

ቀልዱን ነው። ኦልሜዶን ግን ክብሩን ነካው።

"የቪላልባ ልጅ እንጨት ለመቅረጽ የበያጅ ደጅ ጠና ሊባል ነው?"

"ማን ይላል አባዬ? እንጨት እኮ ይጣመማል።"

"እርጥቡ ነዋ የሚጣመም። ከአባቴ ቤት የወረደው ወራጅ ሰማንያ ዓመት ጣሪያ ሥር የደረቀ ባሕር ዛፍ ነው። ከብረት በምን ያንሳል?"

ጀርመኒያ የቱቦላሬውን ሐሳብ ተወችው። በእንጨት ጉዳይ አባቷን ተከራክራ አታውቅም።

ወራጁን ለሁለት መሰንጠቅ ነበረበት። ልጁ ገበያ ወርዳ ስለነበር ብቻውን ጀመረው። ገና ግማሹ ጋ ሳይደርስ እንጨቱ ስንጥቁን ገጥሞ መጋዙን ነከሰው። ይህን የማያውቅ ቀራጭ የለም፦ መጋዝ የሚነክስ እንጨት ውስጡ የታመቀ ጉልበት አለው፤ ሲሰነጠቅ ይፈታና ስንት ዓመት ቢደርቅም እንደ አዲስ መጣመም ይጀምራል። እንዲህ ያለው ለማገዶ ነው የሚሄደው። ኦልሜዶ ራሱ ይህንን ለስንቱ ተማሪ አስተምሯል። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽብልቅ መታበትና ቀጠለ። ወደ ክሌቨር ተመልሶ "በቃ ብረት ይሁን" ማለት ሞት መሰለው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። ሁለቱን ግማሾች ላጋቸው፤ በዚያን ቀን ሲለኩ ቀጥ ያሉ ነበሩ።

ጀርመኒያ ገጣጠመችው። በቁራጭ እንጨት ሲሞክሩት አንድ አፍንጫ ወጣ፣ የኦልሜዶ የራሱ አሠራር ቁርጥ እሱን። ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ዕንባው መጣ፤ አልደበቀውምም።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። ሰበካው የሰጣቸውን አንድ ለእናቱ የሆነ ሴድሮ የሚባል ውድ እንጨት ግንድ ማሽኑ ላይ አሰሩት። ሁለት ቀን ቆረጠው። አቧራውን ሲጠርጉት የእመቤቲቱ ግራ ዓይን ጠልቋል፣ አፏ ወደ ጎን ሄዷል፤ ሐዘንተኛዋ የምታሾፍ ትመስላለች። ጀርመኒያ ቀጥ ያለ ብረት አምጥታ ፍሬሙ ላይ አጋደመች። በመሃላቸው ክብሪት እንጨት ይገባል፤ ፍሬሙ ተጣሟል።

ሰበካው በማግስቱ ሥራውን ለሌላ ሰጠ።

ክሌቨር የሰማው ያኔውኑ ነው። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ የዛሬው ቀልድ አልነበረም። "ጋሼ፣ ፍሬሙን አሁንም በብረት ልበይደው። ለሌላ ሥራ ይሆናችኋል" አለ።

"ተወው ክሌቨር" አለች ጀርመኒያ። "እንጨቱ ምንም አልነበረበትም፤ አባዬ ነው የመረጠው። እኔ ነኝ ብሎኑን ከልክ በላይ አጥብቄ ያጣመምኩት። ወይ ደግሞ ስሌቱ ነው፣ እንጃ። ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ስህተቴን እንኳ ማግኘት አቃተኝ።" ስሌት የሞላውን ደብተር ለሁለት ቀደደችና ምድጃው አጠገብ ጣለችው። "ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም። ሰኞ እሄዳለሁ።"

ኦልሜዶ ቀና አለ። እንጨቱ መጋዙን ነክሶት ነበር፣ ልጄ። እንዲህ ቢላት ይበቃ ነበር። ይህን ብትሰማ ደብተሩን ታነሳው ነበር፤ ያውቃል። ክሌቨር በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ልጁም ታየዋለች፣ አንድ ነገር እንዲላት እየጠበቀች።

"ሹራብ ያዢ" አላት። "ካያምቤ ብርድ ነው።"

"እሺ አባዬ" አለች።