የቢምላል ቁጥር

ልጄን ቢምላልን ያቃጠልነው በሣር ነው። በወጋችን ሬሳ ይቃጠላል፤ እኛ ግን ሬሳ አልነበረንም። ዐረብ አገር ሞቶ እዚያው ተቀብሯል ስለተባልን ካህኑ ኩሽ ከሚባለው ሣር ሰው አስመስሎ አሰረና ወንዙ ዳር አነደድነው። የሚስቱን የሳራላን ቀይ የመስታወት አምባር እንደ መበለት ወግ ድንጋይ ላይ መትቶ የሚሰብር ሲጠፋ፣ እኔም እጄ እምቢ ሲለኝ፣ የሰበረችላት ጎረቤቴ ፓቢትራ ናት።

መሞቱን የነገረን ሰው አይደለም፣ ቁጥር ነው።

ልጆቻችንን ወደዚያ የላከው ማኅበር ቁልቁል ገበያው ውስጥ ቢሮ አለው። ቲካራም የሚባል፣ ጸጉሩን በቅባት የሚያስተኛ ጎልማሳ ኮምፒዩተር ፊት ተጎልቶ ይውላል። ስም ስትነግሪው ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ስለዚያ ሰው የተጻፈው ወረቀት ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ያወጣል። ወረቀቱ ያለው ግን ካትማንዱ ዋናው ቢሮ ነው። መስመሩ ደካማ ስለሆነ እኛ ጋ አይከፈትም። ስለዚህ ቲካራም ስልክ ደውሎ ቁጥሩን ይናገራል፤ እዚያ ያለችው ሴት የተጻፈውን ታነብለታለች። ስም አይነግራትም፣ እሷም አትጠይቀውም። ተምረው ተምረው እንዲህ ነው የሚሠሩት።

የቢምላል ድምፅ የጠፋው ክረምቱ ሲገባ ነው። እኔና ፓቢትራ በየገበያው ቀን አብረን እንወርዳለን። የእሷም ልጅ ዳምበር ከቢምላል ጋር ነው የሄደው፤ ከተማቸው ግን ለየቅል ነው። ዳምበር ድሮም መደወል የማይሆንለት ልጅ ስለሆነ እናቱ ወሬውን የምትሰማው ከቲካራም ነው።

መጀመሪያ የጠየቅን ዕለት ኮምፒዩተሩ ሲያስብ ቆየ። ከዚያ ወዲያ ግን ገና ስሙ ተጽፎ ሳያልቅ ቁጥሩን ያቀርባል። ቲካራም ኮራ ብሎ፣ «አዩ እማማ፣ ለመደዎት» አለኝ።

«ሳይሰማ የሚመልስ ሰው እኔ ቤት አይገባም» አልኩት። ሳቀብኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፣ ሥራ ላይ ናቸው እየተባልን ከረምን። አንድ የገበያ ቀን ቲካራም ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ቢምላል በተኛበት መሞቱን የነገረኝ ጫማዬን እያየ ነው። ቀጥሎ የፓቢትራ ተራ ነበር፤ ዳምበር ጤነኛ ነው፣ ሥራ ላይ ነው ተባለች። ደስታዋን ሻሿ ውስጥ ደብቃ ዳገቱን ሙሉ ደግፋኝ ወጣች። ሐዘኑንም ከእኛ ጋር ዋለች። ሐዘንተኛ ያለ ጨው የሚበላውን ሩዝ የምታመጣው እሷ፣ ሳራላን የሐዘን ነጭ ያለበሰቻት እሷ፣ ከእኔ በላይ የጮኸችውም እሷ።

ሐዘኑ ሳይወጣ ስልክ ጮኸ። ሳራላ አንስታ ሰማችና ስልኩን ጥላ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። አነሳሁት። «እማ» አለኝ። ቢምላል ነው። ከአሠሪው ጠፍቶ ሲገኝ አስረውት ኖሮ ገና መፈታቱ ነው። እኔም አቃጥለንሃል አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ቲካራምን አስጠራሁት። ስልክ ደውሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ጠየቀ። ከዚያ ደጄ ላይ ቆሞ፣ ላብ እያጠመቀው አስረዳኝ። ዋናው ቢሮ ጉዳያቸው ያለቀላቸውን ሰዎች ወረቀቶች ሲያስወግድ የቀሩትን አጠጋግቶ አዲስ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። የገበያው ኮምፒዩተር ደግሞ በየጊዜው እንደ አዲስ ከመፈለግ ብሎ፣ ያኔ ያገኘውን መልስ አስቀምጦ ያንኑ ይሰጠን ነበር። የቢምላል የነበረው ቁጥር ላይ አሁን የሌላ ሰው ወረቀት ነው ያለው።

«የማን?» አልኩት።

የዳምበር ነው አለኝ፤ በዳምበር በድሮው ቁጥር ጤነኛ ነው የተባለውም የሌላ ሰው ወረቀት ነው። ለእናቱ ማን ነገራት ብዬ ጠየቅኩት። ደብዳቤ ይጻፍላታል አለ። ማንበብ ለማትችል ሴት ደብዳቤ። ሂድ ከፊቴ አልኩትና ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ፓቢትራ ግቢዋ ውስጥ ዳጉሳ ትወቃለች። ስታየኝ ተቆጣች፤ ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል ወይ፣ ምን ነካሽ አለችኝ። ቢምላል ደወለ አልኳት። በትሯን ጥላ እግሬ ላይ ወደቀች። እየሳቀች ታለቅሳለች፣ ያን ቲካራም የሚባለውን ቅባታም ጸጉሩን ይዤ ካልነቀልኩት ትላለች፣ ሳራላን በአዲስ አምባር የማስጌጣት እኔ ነኝ ትላለች። እኔ ገለባውን ከሻሿ ላይ እለቅማለሁ። ሰው ሁሉ ምላሴን የሚፈራው እኔ።

ከዚያ ቀና አለች። «ታዲያ እትዬ፣ ያን ሁሉ ያለቀስነው ለማን ልጅ ነው? ምስኪን፣ እናቱ እኮ ገና አልሰማችም።»

«ቁጭ በይ ፓቢትራ።»

«ምን ያስቀምጠኛል፣ ዳጉሳው ሳይወቃ ደመናው መጣ እኮ።»

«ቁጭ በይ አልኩሽ።»

ፊቴን አየችው። ገለባው ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ የልጇን ስም ነገርኳት።

አላለቀሰችም። ቀስ ብላ፣ እንደማይገባው ሰው አድርጋ ታስረዳኝ ጀመር። «ባለፈው ገበያ ነው እኮ የነገረኝ። ጤነኛ ነው፣ ሥራ ላይ ነው አለኝ።» እጇን ያዝኳት። «አንቺም ነበርሽ እኮ እትዬ። ጤነኛ ነው፣ ሥራ ላይ ነው አለኝ።» ዝናቡ ዳጉሳው ላይ ወረደ። ምንም ብላት ያንኑ ነው የምትመልስልኝ።