ቦርሳ ለሁለት

ሰዓት ጠጋኙ እሑድ እሑድ ወፍ ለማየት ወደ ሐይቁ ዳር የሚወርደው ብቻውን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የደንበኛ ወሬ ሲሰማ ሰንብቶ በዚያች ቀን ጆሮውን ያሳርፋል። ሚስቱ ደግሞ ከሆስፒታል የስልክ ክፍል ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቤቱ ጠቧታል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቦርሳውን ሲያዘጋጅ አየችውና፣ "ነገ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ" አለችው።

"ደስ ይለኛል" አለ፤ ፊቱ ግን ሌላ ይናገር ነበር።

ወዲያው አልጋው ላይ ዕቃዋን ትከምር ጀመር። ደማቅ ቢጫ የዝናብ ካፖርት፣ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ፣ ሽቶ፣ ጃንጥላ። እሷ ቦርሳው ውስጥ ስትጨምር እሱ ከኋላዋ ያወጣል።

"ይሄ ቀለም ከሩቅ ያስታውቃል። ፌስታሉ ይንኮሻኮሻል፣ ዳቦው በጨርቅ ይሁን። ሽቶውንም ተይው፣ የኔ እመቤት።"

"ጃንጥላውስ ምን አደረገህ?"

"ሲከፈት ወፎቹ ይበረግጋሉ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። "እንግዲያው እኔንም አውጣኛ! ከዚህ ሁሉ ዕቃ ይበልጥ የምጮኸው እኔ ነኝ።"

ቀልድ መስሎት ሳቅ እያለ ቀና ሲል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። የራሱን ታጣፊ ወንበር ከቦርሳው ፈታ፤ በምትኩ የሷን ሹራብና ሁለተኛ ኩባያ ከተተ።

"ወንበሩ ላንድ ሰው ነው" አለ። "ምንጣፍ ይሻለናል።"

በማግሥቱ ምንጣፉን ሸምበቆው አጠገብ ዘረጉ። እሷ አፏን በመዳፏ ይዛ እንደ ምንም ዝም አለች። ድንገት እጅጌውን ሳብ አደረገችው።

"ያቺ ሸምበቆ ነፋሱ አይነቀንቃትም" አለች በሹክሹክታ።

የሩቅ ማያ መነጽሩን አነጣጠረ። ሸምበቆ አልነበረችም። ቡናማ ወፍ አንገቷን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ከሸምበቆው ጋር ተመሳስላ ቆማለች። ስንት ዓመት ሲመኛት የኖረ ወፍ! መነጽሩን ለሚስቱ አቀበላት፤ በየተራ እየተቀባበሉ ወፏ በሸምበቆው ውስጥ ለውስጥ እስክትሰወር አዩአት።

አውቶቡስ እስኪያገኙ በእግር ሲመለሱ አንደበቱ ተፈታ። አንድ ጊዜ ጭቃ ውስጥ ወድቆ፣ እንዳትስቅበት ፈርቶ ሱሪውን ሱቁ ውስጥ አጥቦ ቤት እንደ ገባ ሳይቀር ነገራት። እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ የት ደብቀኸው ኖርህ?"

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"መቼ አፍህን ከፍተህ!"

አውቶቡሱ በአጠገባቸው ሲያልፍ አንዳቸውም ሊያስቆሙት እጃቸውን አላነሡም።