ለሠላሳ ሰው የተናገርኩት

አፌ ሰፊ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ክጄ አላውቅም። ግን ሰፊ አፍና ክፉ ልብ ለየቅል ናቸው። ይህን መጀመሪያ ስሙልኝ፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ፍረዱ።

የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት፣ ላውንደሪ። ስምንት ዓመቴ ነው። አንሶላ፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስ፣ እንደገና አንሶላ። ታናሽ እህቴ ሚጣ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ክፍል ታጸዳለች። ያስገባኋት እኔው ነኝ፤ ሦስት ዓመት ሆናት። ሁለታችንም ኮንትራት ነን። ኮንትራት ማለት በየስድስት ወሩ «ያሳድሱልኝ ይሆን?» እያሉ ሆድን ይዞ መኖር ነው።

አምና ሆቴሉ ለሁላችንም ስልክ አደለን። እንደማንኛውም ስልክ አይደለም፤ ቁልፉን ተጭነሽ ስትናገሪ ድምፅሽ ባንዴ ሠላሳ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ይወጣል። መደወል የለ፣ «ሃሎ» የለ፣ ማንሳት የለ። አንዱ ሲናገር ሌላው መናገር አይችልም፤ ቢጫንም «ጢጥ ጢጥ» ብሎ ይመልሰዋል። እኛም «ተጫኝ» ብለን ስም አወጣንለት።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ወድጄው ነበር። ድሮ ፎጣ ጎደለ ሲባል ሚጣ አራት ፎቅ ወርዳ አራት ፎቅ ትወጣ ነበር። ተጫኝ ከመጣ ወዲህ «እትዬ፣ ስድስት ፎጣ» ትለኛለች፣ በሊፍት እልክላታለሁ፣ አለቀ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ እንግዳ መታጠቢያ ቤት ወድቀው አገኘቻቸው። ተጫነች፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጥበቃውም ነርሷም ደረሱ። በድሮው ቢሆን ገና ቁጥር እየፈለገች ነበር። ይህን አልክድም።

ጣጣውም ግን አብሮ መጣ። ሽንት ቤት ተቀምጠሽ ኪስሽ ውስጥ ሰው ይጮኻል። ሱፐርቫይዘራችንን ጥርሷ ታይቶ ስለማያውቅ «ሳቂታ» ነው የምንላት። ድሮ ጥግ ወስዳ ትቆጣን የነበረችው ሴትዮ አሁን ሠላሳ ሰው እየሰማ ልክ ልካችንን ትነግረናለች። «ሦስተኛ ፎቅ፣ ይሄን ነው አልጋ አነጠፍኩ የምትዪው? ቤትሽም እንዲህ ነው የምትተኚው?» መልስ ልስጥ ብለሽ ብትጫኚ እሷ ገና አልለቀቀችም። ተሰድበሽ ዝም ነው።

እኛ ላውንደሪዎች ደግሞ የራሳችን ችግር ነበረብን። እጃችን ሁሌ እርጥብ ነው፤ በጓንት ቁልፍ ተጭኖ መያዝ አይሆንም፣ ያንሸራትታል። አብሮኝ የሚሠራ፣ ልብስ የሚተኩስ ሰውዬ አለ፤ ስሙን ሥራው በልቶበት ሁሉም «ካውያ» ይለዋል። እሱ የሁለታችንን ስልክ አንዴ ሲነካ እንዲከፈት፣ ዳግም ሲነካ እንዲዘጋ አድርጎ አስተካከለው። ከላይ ያሉት እንዲህ ያለ የላቸውም፤ እኛ ብቻ ነን። ሲከፈት አንዴ «ጢጥ» ይላል፤ በቃ፣ እስክትዘጊው ያወራል።

ባለፈው ወር አንድ ቋሚ ቦታ ተገኘ፣ ለሚጣ ታስቧል ተባለ። ደብዳቤው በሁለት ሳምንት ይፈረማል። ያን ሰሞን ቤቴ መጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እትዬ፣ አርግዣለሁ፤ አራት ወሬ ነው» አለችኝ። ከዚህ በፊት ሁለቴ አስወርዷታል። ባሏም ሥራ ካጣ ዓመት አለፈው። ቋሚ ከሆነች ሕክምናውም የወሊድ ፈቃዱም የሷ ነው፤ አንዴ ከተፈረመ ማንም አይነካትም። ከመፈረሙ በፊት ከታወቀ ግን አለቀላት። ሆቴሉ ነፍሰ ጡር ቋሚ አያደርግም። የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

«ሁለት ሳምንት ብቻ፣ እትዬ። በሞቴ፣ ለማንም።»

«ምን ነካሽ! እኔ?» አልኳት።

ዘጠኝ ቀን ያዝኩት። ለኔ ዘጠኝ ቀን ቀላል አይምሰላችሁ።

በአሥረኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ አንሶላ አጥፋለሁ። ስልኬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው። የካውያ ስልክ መጋዘን ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። «ያቺ እህትሽ ምነው እንዲህ ገረጣች? ቋሚ ልትሆን ነው እየተባለ መፈንደቅ ሲገባት» አለኝ ካውያ።

ነገርኩት። «ነፍሰ ጡር ናት፤ አራት ወሯ። ደብዳቤው እስኪፈረም ትንፍሽ እንዳትል። ሳቂታ ከሰማች ጉዷ ነው።»

ምናለ እዚያ ላይ ባቆም! አላቆምኩም። ሆዴ ውስጥ የከረመው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ስምንት ዓመት እዚህ ጉድጓድ ውስጥ በእንፋሎት ስቀቀል ማን ዞር ብሎ አየኝ? እኔ እጇን ይዤ ያስገባኋት ልጅ በሦስት ዓመቷ ቋሚ! እሷ ፎቅ ላይ ናት፣ ትታያለች። እኔን ማን ያየኛል? ይቅናት እንግዲህ፣ ምን እላለሁ።»

ምን ያህል እንዳወራሁ አላውቅም። በሩ ብርግድ አለና ሚጣ ገባች። ሊፍት አልጠበቀችም፤ አራት ፎቅ በደረጃ እየሮጠች ነው የወረደችው፣ በዚያ ሆዷ። ትንፋሿ ተቆራርጦ መናገር አልቻለችም። እጇን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ሰደደች፣ ስልኩን አወጣች፣ ነካችው። ተዘጋ።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ስደገፍ ይሆናል ስልኩ ኪሴ ውስጥ የተከፈተው። ለካ ሚጣና ሳቂታ አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ሳቂታ አልጋ እያየች። ድምፄ ከሁለቱም ስልክ ወጣ። ሚጣ እኔን ለማስቆም ተጫነች፣ ደግማ ተጫነች፤ «ጢጥ ጢጥ» እያለ መለሰባት። እኔ እስካልዘጋሁ ድረስ ከሠላሳው ሰው አንዱም «አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ያዢ» ሊለኝ አይችልም ነበር።

ሳቂታ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ከሥራ ስንወጣ ሚጣን ጠርታ «በዚህ ሁኔታሽ ኃላፊነት አንጭንብሽም» አለቻት፣ የምታዝንላት መስላ። ኮንትራቷ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነበር፤ አይታደስም ተባለ። ቋሚው ቦታ ባዶ እንዳይቀር ደግሞ በአገልግሎት ተራው የኔ ነው አሉኝ። ወይ አምላኬ! ስምንት ዓመት ዞር ብሎ ያላየኝ ሁሉ ያን ቀን አየኝ።

ከዚያ በኋላ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። ሁለተኛ ፎቅ የምትሠራዋ ብቻ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ።

«ሲከፈት ጢጥ ሲል አልሰማሽም?»

«በዚያ ሁሉ የማሽን ጫጫታ ማን ይሰማል?»

«ማሽኖቹማ ቆመው ነበር። ምሳ ሰዓት አልነበር? ድምፅሽ ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው።»

እውነቷን ነው፤ ቆመው ነበር። እኔ ግን አልሰማሁም! ቀኑን ሙሉ ጢጥ ጢጥ የሚል ነገር ኪስሽ ይዘሽ የትኛውን ትሰሚያለሽ? ራሴን ስንቴ ጠየቅሁት። አልሰማሁም። አልሰማሁም ነው የምለው።

ደብዳቤው ላይ ፈረምኩ። አዎ፣ ፈረምኩ! ምን ላድርግ? ሁለታችንም ሥራ ፈትተን የሚወለደውን በምን ልናሳድገው ነው? ለሚጣ «የኔ ደሞዝ ያንቺም ነው» አልኳት። «እሺ» አለች። ብትሰድበኝ፣ ፊቴን ብትቧጭረኝ ደስ ባለኝ። «እሺ» ብቻ አለችና ሻይዋን ጠጣች።

በመጨረሻ ቀኗ ዩኒፎርሟንና ስልኩን ልታስረክብ ወደ እኔ ወረደች። ዩኒፎርሙ ታጥቦ ነው የሚመለሰው። ፊቴ ቆማ ስልኩን ተጫነች። ስለ ፎጣና ስለ ሳሙና ካልሆነ አውርታበት የማታውቅ ልጅ!

«ደህና ሁኑ ሁላችሁም» አለች። «እህቴን አትቀየሟት። ሆን ብላ አይደለም፤ ከኔ በላይ የሚያውቃት የለም። እኔ ይቅር ካልኩ እናንተም ተዉላት።»

ቁልፉን ስትለቅ ምርቃቱ ከየፎቁ ጎረፈ። «በሰላም ተገላገይ!» «እግዜር ይባርክሽ፣ አንጀትሽ ቅቤ ይጠጣ!» ያቺ የሁለተኛ ፎቋ ሳትቀር «የላውንደሪዋ እትዬ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አለችኝ፣ ሠላሳ ሰው እየሰማ።

እኔ እንባዬን መግታት አቃተኝ። ተጠምጥሜ አቀፍኳት። «ሚጣዬ፣ አመንሽኝ! አውቄም ነበር እንደምታምኚኝ።»

እጆቼን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብላ አወረደቻቸው። ስልኩን አየች፤ ዝግ ነው። የኔንም ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አየች፤ እሱም ዝግ ነው።

«እነሱ ጋር የምትውዪው አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው አትቀየሟት ያልኩት» አለችኝ። «አውቀሽ ክፈቺው፣ ሳታውቂ ክፈቺው፣ እኔ እንጃ። ያልሽውን ግን ሰምቻለሁ፣ እትዬ። ደረጃውን ስወርድ ሁሉ እየሰማሁ ነበር።»

ዩኒፎርሟን አጣጥፋ የቆሸሹት አንሶላዎች ላይ አስቀመጠችና ወጣች።