አሲድ የጠጣ ብሎን

፩

የባሌ እጅ ሞርሳ ውስጥ ነው። ብረት የሚነክሰውን ሞርሳ የሚያጠብቀው ወንድሜ ነው።

ከዚህ የጀመርኩት ወድጄ ነው። ከመኪናዋ ብጀምር፣ አንባቢ ሆይ፣ መኪናዋን ትወዳት ነበር፤ እኔ ደግሞ እንድትወዳት አልፈልግም። መጀመሪያ አጥንቱን ስማ። ሸንኮራ አገዳ ሲቀነጠስ የሚሰማው ዓይነት ነው።

፪ ሰዎቹ

ጉልላት፣ ባሌ። መካኒክ ነው። ሲናደድ ዝም ይላል፤ ሲደሰትም ዝም ይላል፤ ለይቼ ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ሺበሺ፣ ወንድሜ። ታላቄ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ እሱን የማይፈራ ካለ ገና ያልተዋወቀው ሰው ነው።

እኔ፣ አስካለ። መኪና ቀለም እቀባለሁ። ጋራዡ ከዚራ ሰፈር ነው፤ የሦስታችንም ነው።

መኪናዋ፣ ፔጆ 404። አባታችን ታክሲ ሲነዳባት ኖረ። እኛን ያሳደገን በሷ ገቢና በሞተር ቀበቶዋ፣ በቺንጋዋ ነው። ቺንጋው ሲያረጅ ከሞተሩ ወደ እኛ ጀርባ ይዛወራል። አባባ ሲገርፈን ሺበሺ እላዬ ላይ ይተኛና የኔንም ድርሻ ይቀበልልኝ ነበር። ጀርባውን አይቻለሁ። ስለዚህ ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ይህን ሳታውቅ ወደሚቀጥለው ቁጥር እንዳታልፍ።

፫ የዛገ ብሎን ለመፍታት የወጣ መመሪያ

ዘይት አጠጣው። እስኪጠግብ ታገሠው። ካልተንቀሳቀሰ ጭንቅላቱን በመዶሻ ምታ፤ በሥሱ ሳይሆን ከልብህ። አሁንም እምቢ ካለ እስኪቀላ በእሳት ለብልበው፣ ከዚያ ቁልፉን አግባና ክብደትህን ጣልበት። ይጮሃል። ሲጮህ መጣ ማለት ነው። ሲወጣልህ ከየት እንዳወጣኸው ምልክት አድርግና በቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠው።

፬

ነገሩን ያመጣው ስለት ነው። ሺበሺ አምና ከሞት አፋፍ ሲመለስ፣ የአባባን ፔጆ በገዛ ብሎኖቿ ገጥሞ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ሊያደርሳት ተሳለ። አንድ ብሎን ከሌላ ከተቀላቀለ ስለቱ አይደርስም ባይ ነው። መልአኩ ብሎን እንደሚቆጥር የሰማሁት ከሱ ብቻ ነው።

ሁሉም ኦሪጅናል* ይሁን አለ።

__________
* ሺበሺ ኦሪጅናል ሲል የሚያብረቀርቅ ማለቱ ነው። የመሪው ብሎኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ደብዛዛ ግራጫ ነበሩ፤ ከቅባቱ ሥር በዓይኔ አይቻለሁ። ብነግረው፣ አባባ ሲወለውላቸው አስታውሳለሁ ብሎ ድርቅ አለ። አባባ ሲወለውል የነበረው የጎማውን ክዳን ነው። ግን የልጅነት ትዝታን ማን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል።

፭

ሺበሺ ብሎኖቹን ሰብስቦ ኒኬል ለሚነክር ሰው ወሰዳቸው። ኒኬሉ እንዲይዝ መጀመሪያ ዝገቱ በአሲድ ይበላል። የኮፋኖ ብሎን፣ የበር ብሎን ይነከር፤ ያምርበታል እንጂ አይጎዳም። የመሪ ብሎን ግን ጠንካራ ብረት ነው፤ ጠንካራ ብረት አሲዱን ይጠጣዋል። ተነክሮ እንደወጣ ምድጃ ገብቶ ለረጅም ሰዓት ካልሞቀ ውስጡ የሞተ ነው። በዓሉ ስለደረሰ ሺበሺ ምድጃውን አልጠበቀም።

ጉልላት አብሮ የተነከረ አንድ ትርፍ ብሎን በወፍራም ብረት አሳልፎ በማሰሪያው፣ በዳዶ፣ አጠበቀው። ምንም አልሆነም። በማግስቱ ስንመጣ ጭንቅላቱ ተቀንጥሶ መሬት ወድቋል። ማንም አልነካውም። ሲያጠብቁት ዝም ይላል፤ የሚሰበረው ሸክሙን ይዞ ከቆየ በኋላ ነው።

ለሺበሺ አሳየነው። አገላብጦ አየውና፣ ይሄ የአባባ አይደለም ብሎ ወረወረው።

፮

ጉልላት የመሪውን ብሎኖች በአዲስ ተካቸው። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ መልከ ጥፉ። የአባባን በቆርቆሮ አስቀመጠ።

ልቀባቸው አልኩት። ኒኬል አስመስዬ ብቀባቸው ሺበሺ ቁልቢ ደርሶ እስኪመለስ አያውቅም ነበር። ጉልላት ግን በሰው ስለት አልዋሽም አለኝ። በዚያ ቀን እንዲዋሽ የማልሰጠው ነገር አልነበረም፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

፯ ንግግሩ እንዳለ

ሺበሺ፦ ይሄ ምንድነው?

ጉልላት፦ የመሪ ብሎን።

ሺበሺ፦ የማን?

ጉልላት፦ የሱቅ።

ሺበሺ፦ የአባቴስ?

ጉልላት፦ ቆርቆሮ ውስጥ አለልህ። ሺበሺ፣ ያ ነገር ደንገጎ ተራራ ላይ ቢቀነጠስ መሪው እጅህ ላይ ይቀራል።

ሺበሺ፦ በየትኛው እጅህ ነው የፈታኸው?

ጉልላት፦ አቦ ተው።

ሺበሺ፦ በየትኛው?

(ጉልላት ቀኙን አሳየው። ቀልድ መስሎት ነበር።)

፰

ዞረ።

ዞረ።

ዞረ።

የሞርሳው እጀታ ነው።

በር እየቀባሁ ነበር። የክሪኩን ብረት አንስቼ ወንድሜን ትከሻው ላይ መታሁት። አልዞረም። ደገምኩት፤ ጆሮው ተቀዶ ደሙ አንገቱ ላይ ወረደ። በሦስተኛው ራሱን አልኩት፤ ያኔ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሲወድቅም እጀታውን አልለቀቀም ነበርና የመጨረሻውን ዙር በክብደቱ አዞረው።

ሞርሳውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ጣቶቹ የት እንደሚጀምሩ አይለይም ነበር። ጉልላት አልጮኸም። የጮህኩት እኔ ነኝ፤ ሺበሺ ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ይዞ አለቀሰ።

፱

ፖሊስ ለምን አልተጠራም ትለኛለህ።

ሽማግሌዎች ቀድመው መጡ።

ሺበሺ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ቆመ። ተንበረከከ፣ የጉልላትን ጉልበት ሳመ። ሽማግሌዎቹ ከቤተሰብ የወጣ ደም በቤተሰብ ይደርቃል አሉ። ጉልላት በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ እንደያዘ ድንጋዩን በግራ እጁ አወረደለትና ጉንጩን ሳመው። እግዜር ይፍታህ አለው። ሁሉም አሜን አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሺበሺ ጥቁሮቹን ብሎኖች ፈትቶ የአባባን በገዛ እጁ ገጠማቸው። እንደ መስታወት ያበራሉ።

፲ ምልክቱ

ጋራዣችን አንድ ሕግ አለው፤ ከአባባ የመጣ ነው። ብሎን ያጠበቀ ሰው ራሱ አይመሰክርለትም። ሌላው መጥቶ በቁልፍ ይፈትነዋል፣ ከዚያ በብሎኑና በዳዶው ላይ የምታልፍ አንድ ቢጫ መስመር ይቀባል። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰነጠቃል። ቢጫ የሌለባት መኪና ከጋራዡ አትወጣም።

ቢጫውን የምቀባው እኔ ነኝ።

ሺበሺ እግዜርን ይጠራጠራል፣ ሽማግሌ ይጠራጠራል፣ የኔን ቢጫ ተጠራጥሮ አያውቅም።

፲፩

በዚያው ጠዋት፣ በመነሻው ቀን፣ ጉልላት ወደ ቀለሙ መደርደሪያ መጣ። ቢጫውን ጣሳ በግራ እጁ አውርዶ ፊቴ አስቀመጠው።

«ቀቢለት» አለኝ።

እንደሚሰበሩ አንተው ነህ ያሳየኸኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ታርቀሃልኮ፣ በሽማግሌ ፊት ስመኸዋልኮ አልኩት።

«የሳምኩት በአፌ ነው።»

ከዚያ ወጥቶ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ባሌን ፈራሁት። ከዚያ በፊት ፈርቼው አላውቅም።

፲፪ ለአንባቢ የቀረበ፣ መልስ የማይጠበቅበት

እስካሁን የሆነውን ጽፌልሃለሁ፤ መጨረሻውን አልጻፍኩትም፤ ቀለሙ እጄ ላይ ነው።

ብቀባው ወንድሜ ይሄዳል። ብሎኖቹ የደንገጎን ዳገት ይይዙለት ይሆናል፤ ቁልቁለቱን ግን አይይዙለትም። ያ ጀርባ ገደል ይገባል።

ባልቀባው ስለቱ ይቀራል። ማን እንደመከረኝ ለማወቅ ብዙ አያስብም። ጉልላት ገና ግራ እጁ አለው፤ ሞርሳውም ቦታው ላይ ነው።

እውነቱን ብነግረው? ነግሬዋለሁ። የተቀነጠሰውን ብሎን መዳፉ ላይ አድርጌ ነግሬዋለሁ። ባልሽ ነው ያስተማረሽ አለኝ።

ገላጋይ ቢኖር ብለህ ይሆናል። ገላጋዮቹ ትናንት ጠላ ጠጥተው ሄዱ።

፲፫

መኪናዋ ሥር ገባሁ። በጀርባዬ ተንጋልዬ ብሎኖቹን አየሁ። እውነቱን ልናገር፤ ያምራሉ። ቁልፉን አግብቼ ፈተንኳቸው፤ ጥብቅ ናቸው። ወንድሜ አጠባበቅ ያውቃል።

ከላይ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሺበሺ ገብቶ መሪውን ይዟል። ጫማዎቹ ጥግ ላይ ወልቀው ተቀምጠዋል፤ ስለት አድራሽ በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው ብሎ ነው። በተከፈተው በር ጎንበስ ብሎ ተመለከተኝ። ጆሮው ላይ የተሰፋው ገና አልደረቀም።

«አስኩ» አለኝ፤ ድምፁ የልጅነቱ ነው፤ «አንቺ ካልሽ ይበቃኛል። ልሂድ?»

ብሩሹ ተነክሯል። አንዲት የቢጫ ጠብታ ጉንጬ ላይ ወደቀች።

ደጁ ላይ የጉልላት ጀርባ ይታየኛል።

«አስኩ?»

፲፬ ያልጻፍኩት