ለሙከራ የተሰጠ ጆሮ

ሻጩ ሳይጠይቅ የአባቷን ጆሮ ያዘ። ልጅቱ ከመደርደሪያው ላይ አምፖል እየመረጠች ነበር፤ ዘወር ስትል ለመስማት የሚያግዝ ትንሽ ማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ ገብቶ አልቋል።

"ኧረ ምን እያደረግህ ነው?"

"አይዞሽ እህቴ፣ በነፃ ነው! አባባ፣ ይሰማዎታል?"

አባቷ ዕድሜያቸውን ብረታ ብረት ቤት የጨረሱ፣ የመዶሻ ጩኸት ጆሯቸውን የበላባቸው ሰው ናቸው። ቀና ብለው በሩን አዩ። "ኮቴ!" አሉ። "የሰው ኮቴ ይሰማኛል። እስቲ አንቺ ተናገሪ።"

"ምን ልበል አባዬ?"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ድምፅሽ ጎርነን ብሏል። እኔ የማውቀው የልጅነትሽን ነበር።"

ጠጋ አለቻቸው። ልቧ ግን ሻጩን አላመነም። ፀጉር ቤት ስትሠራ፣ "ሞክሩት" ብለው እጅ ላይ ቅባት እየቀቡ ሙሉ ካርቶን የሚያሸክሙ ስንቶቹን አይታለች!

"ነፃ ስትል እንዴት ነው?"

"አንድ ወር ይሞክሩታል፤ ካልተስማማቸው ትመልሺዋለሽ። የባንክ ካርድሽን ብቻ ስጪኝ፣ ለምዝገባ ያህል።"

"ለነፃ ነገር ካርድ ምን ያደርጋል?"

"ደንቡ ነው እህቴ። ቶሎ በይ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀው ነው።"

ሱቁ ውስጥ ከእነሱ ሌላ ደንበኛ አልነበረም።

አባቷ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። እጇ ሳታውቀው ወደ ቦርሳዋ ገባ። ሻጩ የካርድ ማሽኑን ሊያመጣ ከመጋረጃው ጀርባ ሄደ። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ምንም አልሰማችም። የአባቷ ፊት ግን ጠቆረ።

"ምነው አባዬ?"

"ለጓደኛው እያወራ ነው" አሉ ዝግ ብለው። "'መመለስ የሚቻለው እስከ ሦስት ቀን ነው፤ እንዳትነግራት። ከዚያ በየወሩ ከካርዷ ይቆረጣል። ሽማግሌው ወዶታል፣ ጨክና አትነጥቀውም' ይላል።"

ማዳመጫውን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት። ሻጩ ሲመለስ ደነገጠ።

"ምነው አባባ፣ አይሰማም እንዴ?"

አባቷ አፉን እያዩ ያለውን ገመቱ። "ከሚገባው በላይ ይሰማል ልጄ!" አሉት፣ እንደ ልማዳቸው እየጮኹ።

ደጅ ሲወጡ አባቷ አንገታቸውን ደፉ። ቤት አድርሳቸው ወደ ፀጉር ቤቱ መመለስ ነበረባት። ስልኳን አውጥታ ለአለቃዋ ደወለች።

"ከሰዓት አልገባም። አባቴን ጆሮ ሐኪም ጋ ልወስደው ነው።"

"ምን አልሽ?" አሉ አባቷ።

ክንዳቸውን ይዛ መንገዱን አሻገረቻቸው።