«የለም» ያለው ማን ነው?

ዛሬ ዛሬ የሥነ ልቦና ተማሪዎቿ ከታካሚ ጋር የሚያደርጉትን ቃለ መጠይቅ በስልክ ይቀርጻሉ። ኮምፒውተሩ ድምፁን ሰምቶ በደቂቃዎች ውስጥ ጽሑፍ አድርጎ ያቀርብላቸዋል፤ እነሱም ሻያቸውን እየጠጡ ያነቡታል። እሷ አትቃወምም፣ ዘመን ያመጣውን መቀበል ነው። ግን ጽሑፉን ባየች ቁጥር አንድ ነገር ይጎድልባታል። ማሽኑ ዝምታን አይጽፍም። የታካሚው ቃል ከቃል ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፣ በመካከሉ የነበረው ሁሉ የት እንደገባ አይታወቅም። ይሄኔ ነው ሐሳቧ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ የሚሸሽባት፤ በሆስፒታሉ ደረጃ ሥር ወዳለችው ጠባብ ክፍል።

ያቺን ክፍል ዛሬም በአፍንጫዋ ታውቃታለች። እርጥብ ግድግዳና የጋለ መቅረጫ ትሸት ነበር። ጣሪያዋ ራሱ ደረጃው ስለሆነ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ከላይ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ጫማም አንድ በአንድ ይሰማል። ከጥቂት ወራት በኋላ እሷና አብረዋት የሚሠለጥኑት ማን እንደሚያልፍ በኮቴው መለየት ጀምረው ነበር።

አምስት ሠልጣኞች ነበሩ። የሥነ ልቦና ትምህርታቸውን ጨርሰው ለአንድ ዓመት ወደ ሆስፒታሉ ሲመጡ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚማሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታካሚን ማነጋገር። ለአምስቱም ያለችው አንዲት ካሴት መቅረጫ ናት፣ ክዳኗ ስለተሰበረ በላስቲክ ትታሰራለች። ታካሚው ፈቅዶ ከተቀረጸ በኋላ ሠልጣኙ ከደረጃው ሥር ይገባና ካሴቱን እያስኬደ እየመለሰ የሰማውን ቃል በቃል በእጁ ይገለብጣል። ሳል ይጻፋል። ሳቅ ይጻፋል። ዝምታም ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱ ሴኮንድ አንድ ነጥብ። ይህን ሕግ ያወጡት አሠልጣኛቸው ነበሩና ፊት ለፊት «ዶክተር»፣ ከኋላቸው ግን «ጋሽ ነጥብ» ይሏቸው ነበር።

አንድ ጊዜ፣ ታካሚ ሲያወራው እንደ ችሎት ዳኛ ራሱን በዝግታ ስለሚነቀንቅ «ዳኛው» የሚሉት ሠልጣኝ፣ ሁለት መስመር ሙሉ ነጥብ ይዞ መጣ። ምንድን ነው ቢባል ታካሚው እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር አስረዳ። ጋሽ ነጥብ አልሳቁም። «አንተስ?» ብለው ጠየቁት። ቀልዱ ሳምንቱን ሙሉ ከሠልጣኞቹ አፍ አልጠፋም።

የእሷ ቅጽል ስም ደግሞ «ፈጥኖ ደራሽ» ነበር። ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ቀድማ ደርሳ ትጨርስለታለች። በክፋት አይደለም፤ ሰው ቃል ሲያጣ አንጀቷን ይበላታል። ቤትም እንዲሁ ናት። ታላቅ እህቷ ስልክ ደውላ ወሬ ስትጀምር፣ «እስቲ የኔን ወሬ እኔው ልጨርሰው። አንቺ የምታውቂው ከሆነ እኔ ምን ልሁን ብዬ ደወልኩ?» እያለች ታኮርፋት ነበር።

ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የቀራት አንድ ካሴት ብቻ ነበር። እሱን ገልብጣ ካስረከበች ጋሽ ነጥብ ይፈርሙላታል፤ ከፊርማው በኋላ ታካሚን ብቻዋን፣ ያለ ተቆጣጣሪ ታያለች።

የመጨረሻው ታካሚ ከማተሚያ ቤት ጡረታ የወጡ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። አርባ ዓመት የእርሳስ ፊደል ከሣጥን እያነሡ ሲደረድሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ስምንት ወር ሆኗል። እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ ስላላቸው አስተማሪ ልጃቸው ይዛቸው መጣች። ለፈጥኖ ደራሽ ጨዋታው እንደ ውሃ ወረደላት። ሽማግሌው ስለ ሙያቸው አወሩ፣ ስለ ሚስታቸው አወሩ፣ ሁለት ጊዜም አሳቋት። እሷ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋችውን ቅጽ እየሞላች ከመጨረሻው ገጽ ደረሰች። እዚያ ላይ ማንም ሠልጣኝ ሊዘለው የማይፈቀድለት ጥያቄ አለ። ጠየቀች፣ ሞላች፣ አለፈች። ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ነጥብ ካሴቱን እየሰሙ ጽሑፏን በእርሳስ ጫፍ ይከተሉ ጀመር። ከመጨረሻው ገጽ ሲደርሱ አቆሙት። መልሰው አስኬዱት። ደግመው መለሱት። ከዚያም እርሳሱን አንዲት ቃል ላይ አሳረፉ።

«ይህ ‹የለም› የማን ድምፅ ነው?»

ካሴቱ ላይ የእሷ ድምፅ አለ። ሕይወትዎን ስለማጥፋት አስበው ያውቃሉ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሁለት ሴኮንድ ዝምታ። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ይሰማል፣ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚስበው። ከዚያ እንደገና የእሷ ድምፅ፤ «እንቅልፍዎስ እንዴት ነው?» ወረቀቱ ላይ ግን ከሁለቱ ነጥቦች ቀጥሎ፣ በሽማግሌው ስም፣ «የለም» ተብሎ ተጽፏል።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ነበር ልትል ጀመረች።

«አይተሻል?»

በዚያች ሰዓት ዓይኗ ቅጹ ላይ ነበር። ክው ያደረጋት መሳሳቷ አይደለም። ካሴቱን ሦስት ጊዜ ሰምታዋለች፣ በሦስቱም ጊዜ «የለም» የሚል ድምፅ በጆሮዋ ሰምታለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ማፍሰሷንም አላወቀች።

ጋሽ ነጥብ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለ ነበር። ቀጠሯቸው መቼ እንደሆነ ጠየቋት። ማክሰኞ አለች።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አሉ።

እየሮጠች ወደ ካርድ ክፍል ወርዳ ልጅቷ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ደወለች። አባቷ ዛሬ ብቻቸውን እንዳያድሩ፣ ነገ ጠዋትም ይዛቸው እንድትመጣ ለመነቻት። ልጅቷ ምን ተፈጠረ ብላ ደጋግማ ጠየቀች። እሷም፣ መልሳቸውን ያልሰማሁት ጥያቄ አለ ብቻ አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ነጥብ የማነጋገሪያ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። እጃቸውን ዘርግተው ቅጹን ተቀበሏት፣ እስክሪብቶዋንም ጨመሩ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ከልጅቷ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። እሷ መቅረጫዋን ብቻ ይዛ ገባች።

ሽማግሌው ለመቀረጽ ፈቀዱ፣ ከዚያ ባዶውን ጠረጴዛ ትንሽ አዩት።

«ዛሬ ወረቀት የለም እንዴ?»

«የለም አባባ። ባለፈው መልስዎን ሳልሰማ ጻፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አንብቤዋለሁ።»

ግራ ገባት። ወረቀቱ ወደ እሷ የዞረ ነበር። ሽማግሌው ግርታዋን አይተው ፈገግ አሉ።

«እኛ ፊደል የምንለቅመው ተገልብጦ ነው፣ ልጄ። አርባ ዓመት ዓለምን ከእግሩ በኩል ሳነብ ኖሬ ያንቺ እጅ ጽሑፍ ያቅተኛል? ደግሞ መስመርሽ ወደ ታች ይንሸራተታል። እኛ ማተሚያ ቤት ቢሆን ያስወቅስሽ ነበር።»

ሳቀች፣ ሳቋ ግን አልዘለቀም። እሳቸውም ፈገግታውን ሰበሰቡት። መልሴን ልናገር አፌን ስከፍት እጅሽ ቀድሞ ጻፈው አሏት። አንዴ ከተጻፈማ ምን ይደረጋል፣ ሆዴ ይፍጀው ብለው ትተውት ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«አሁን አልተጻፈም» አለች። «እንደገና ልጠይቅዎት?»

ሽማግሌው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ጠየቀቻቸው፤ ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ቃል።

ዝም አሉ።

በዚያ ክፍል ሰዓቱ የተሰቀለው ከታካሚው ጀርባ ነበር፣ ጠያቂው እንዲያየው። ዓመቱን ሙሉ ዝምታ በመጣ ቁጥር ዓይኗ ወደዚያ ይሮጥ ነበር። ያን ቀን አልሮጠም። የሽማግሌውን እጅ ታይ ነበር። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ተጣምረው፣ በመካከላቸው የማይታይ ፊደል ያለ ይመስል ጠርዙን ቀስ ብለው ይዳብሱታል። ሦስት ጊዜ ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣባት። አንዱ የማጽናኛ ነው፣ አንዱ ስለ ልጃቸው ነው፣ ሦስተኛው «አይቸኩሉ» የሚል ነው። ሦስቱንም ዋጠቻቸው። ከሁሉ ሦስተኛው ከበዳት፣ ደግ ይመስል ስለነበር።

በዚህ መሀል መቅረጫዋ ቀጭ አለች። ካለፈው ቃለ መጠይቅ ጥቂት ብቻ ተርፎት የነበረው የካሴቱ አንድ ፊት አለቀ።

ማገላበጥ ማለት ላስቲኩን ፈትቶ፣ ክዳኑን ይዞ፣ ካሴቱን አውጥቶ መመለስ ነው። ሽማግሌው ማሽኗን አዩ፣ ከዚያ የእሷን እጅ አዩ። እጇ ከጉልበቷ አልተነሣም። ትንሽ ቆዩ።

«ማክሰኞ የምመጣ አልነበርኩም» አሉ።

ከዚያ ሌላውን ነገሯት። ሚስታቸው ስለተዉት መድኃኒት፣ ስለተቀመጠበት መሳቢያ፣ በየቀኑ ከፍተው እያዩ ስለመዝጋታቸው። ለልጃቸው ያልነገሩት እሷም ሐዘኗ ገና ስላልወጣላት ነው። ሲጨርሱ፣ ልጃቸውን አሁን እንጥራት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። «አንቺው ንገሪያት፣ እኔ እዚሁ እሆናለሁ» አሉ። በሩን ስትከፍት ጋሽ ነጥብና ልጅቷ እኩል ከአግዳሚው ተነሡ።

መሳቢያው በዚያው ጠዋት ባዶ ሆነ። ሽማግሌው ላይኛው ፎቅ ተኝተው እንዲታከሙ ተስማሙ፤ ልጃቸው አልጋቸውን ስታነጥፍ አንሶላው አልተወጠረም ብለው ሲነዘንዟት ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከደረጃው ሥር ገባች። ከላይ ዳኛው ሲወርድ ሰማችው፣ በኮቴው አወቀችው፤ አልጠራችውም። የካሴቱን ቃል ወደ ወረቀት ገለበጠች። የሽማግሌውን ቀልድ ጻፈች፣ የራሷን ሳቅ ጻፈች፣ ጥያቄዋን ጻፈች። ከዚያ ነጥብ መደርደር ጀመረች። አምሳ ሦስት ነጥብ ሆነ። ከአምሳ ሦስተኛው ቀጥሎ ቀጭታ፣ ከቀጭታው ቀጥሎ ምንም።

ወረቀቱን ይዛ ጋሽ ነጥብ ፊት ቆመች። ዋናው ነገር ካሴቱ ላይ የለም። ያለው በእሷ ቃል ብቻ ነው፤ ያልተባለ «የለም» ሰምታ በጻፈችው በእሷ ቃል። ይህንኑ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው።

ነጥቦቹን በእርሳስ ጫፍ አንድ በአንድ ነኩ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ መሳቢያቸውን ስበው ንጹሕ ወረቀት አወጡ፣ የራሳቸውን እስክሪብቶ ክዳን ፈቱ።

«ንገሪኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ነገረቻቸው። በዝግታ፣ እንደ ሰማችው። የማታስታውሰው ቦታ ስትደርስ ይህን አላስታውስም አለች፤ እሳቸውም «አታስታውስም» ብለው ጻፉ። አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ስንት ሴኮንድ ዝም አሉ?»

«አልቆጠርኩም» አለች።

ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ አጎነበሱና መስመሩ ላይ የሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ትተው፣ ቀጥሎ ያለውን ቃል ጻፉ።

ሲጨርሱ ወረቀቱን አዞሩላትና አነበበችው፣ ከሥሩም ስሟን ጻፈች። ፊርማቸውን ግን አልሰጧትም። ሦስት ወር እንደምትጨምር፣ ከአዲሶቹ አምስት ሠልጣኞች ጋር እንደምትሆን ነገሯት፤ ማሽኗ ያው አንዲቷ ስለሆነች ተራዋን በትዕግሥት መጠበቅ እንዳለባትም አስጠነቀቋት።

እሺ ብላ ወጣች። አራቱ ጓደኞቿ ፊርማቸውን ይዘው ሊበተኑ ነበርና ማልቀስ ይገባት እንደነበር ታውቃለች። እሷ ግን ወደዚያች እርጥብ ግድግዳ ወደምትሸት ክፍል ወርዳ፣ ወንበሩን ወደ መቅረጫዋ ስትስብ፣ ገና ከዚህች ክፍል አልወጣሁም፣ የምሰማው አለኝ ብላ ደስ አላት።